በገዛ ቤታችን አድረን በወባ ስለመታመማችን ይቅርታ መጠየቅን ይመለከታል

ለተከበሩ የወረዳችን ጤና ጽሕፈት ቤት የበሽታ መከላከል ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ቀጥሎ ላብ፣ ከላቡም በኋላ እንደገና ብርድ ብርድ ማለት አልያዘዎትም? ካልያዘዎት እግዚአብሔር ይመስገን። ከያዘዎትም አይስጉ፤ ቢሮዎ ከእኛ ቀበሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሚገኝ በወባ የመታመም ሙሉ መብት አለዎት። እኛ የለንም። እኛ የገብስ አምባ ነዋሪዎች፣ ከላሊበላ ወደ ኩልመስክ ከሚወስደው መንገድ ተገንጥለን፣ አቀበቱን ጨርሰን፣ ከደመናው ሥር ተጠግተን የምንኖር፣ በክቡርነትዎ ፊርማም «ከወባ ነፃ» የተባልን ደገኞች ነን። ይህን የምጽፍልዎ እኔ ወንድምአገኝ ደግሞ ሬሳ አጅበን የምንቀብርበት የቅሬያችን ጸሐፊ ነኝ። ዘንድሮ የቅሬው ሥራ ስለበዛብኝ ደብዳቤዬ በመዘግየቱ ትልቅ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ደጋ ተቀምጦ የቆላ በሽታ መታመም የመመሪያ ጥሰት መሆኑን ተረድተናል። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ሳይደክም ጥፋታችንን እኛው ራሳችን በተራ ቁጥር አስቀምጠን አቅርበናል።

፩. የመጀመሪያው ጥፋታችን ውርጫችንን በአግባቡ አለመጠበቃችን ነው። ድሮ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊቱን የሚወርደው ውርጭ ባቄላችንን እያቃጠለ ሲያስለቅሰን፣ ከባቄላው ጋር ቢንቢውንም እየፈጀልን እንደነበር ማንም አልነገረን። ውርጩ እየሳሳ ሄዶ ሲቀር ደስ አለን። ስማችን ገብስ አምባ ሆኖ ሳለ ማሽላ በጓሯችን ሲያሸት ጊዜማ ጮቤ ረገጥን። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ብቻ ማሽላውን በዘንጋቸው ነካ አድርገው፣ «ቆላ በእንግድነት መጥቶብናል፤ እንግዳ ደግሞ ብቻውን አይመጣም» አሉ። ጎረቤቴ ሰርክአዲስ፣ «መሪጌታ፣ ከገብስ ጠላ ሌላ አልዋጥ ብሎዎት ነው» ብሎ አሳቀብን፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ነበርኩ። በሐምሌ የሚጠበቀው ዝናብ ቀርቶ፣ ሰብሉን አድርቆ በመስከረም መጨረሻ ዱብ ሲል፣ ድርቅን እንድንቋቋምበት በዘመቻ የቆፈርነው የውኃ ማቆሪያ ሁሉ ሞላ። ውኃው ተኛ፤ ከተኛው ውኃ እንግዳይቱ ተነሣች። በጆሯችን ሥር ስትዘምር መጀመሪያ የሰማናት ማታ ምን እንደሆነች አላወቅንም ነበርና፣ ያዘን ያልነው ምች ነው፤ ዳማከሴ አሸን። ለዚህም መሃይምነታችን ይቅርታዎን እንለምናለን።

፪. ሁለተኛው ጥፋታችን ታዛዥነታችን ነው። አጎበር ይሰጠን ብለን ስናመለክት፣ «በተረጋገጠው ከፍታችሁ መሠረት አጎበር አይመለከታችሁም፤ ኅብረተሰቡ ባህላዊ መከላከያዎችን ይጠቀም» የሚል መልስ በማኅተም ደረሰን። ማኅተም እናከብራለን። በር ዘግተን፣ የመስኮቱን ቀዳዳ በጨርቅ ወትፈን፣ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ማጨስ ጀመርን። ቢንቢዋ በእውነት ሸሸች። ብዙም ሳንቆይ ከዚያው ከእርስዎ ሕንፃ፣ ከሌላ ክፍል፣ ያማረ ባለ ቀለም ሥዕል ተላከልን፤ ጭስ በሞላበት ቤት ልጇን ያቀፈች እናት በቀይ መስመር ተሰርዛበታለች፤ ከሥሯም ጭስ የሕፃናትን ሳንባ እንደሚጎዳ ተጽፏል። ሥዕሉን ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። በቀበሌያችን ጭስ ያልነካው ነገር ቢኖር እሱ ነው። አሁን መንደራችንን ሲመሽ ቢያልፉበት፣ ወፍራም ጭስ ከየጣሪያው እየወጣ አልበተን ብሎ ከሸለቆው ላይ ተንጠልጥሎ ያዩታል፤ ከውስጡም የልጆች ሳል ከቤት ወደ ቤት ሲቀባበል ይሰማሉ። መስኮት ከከፈትን ወባ፣ ከዘጋን ሳል ሆኖብናል። ሁለቱ ክፍሎችዎ በአንድ ኮሪደር ትይዩ መሆናቸውን ሰምቻለሁና፣ አልፎ አልፎ እንኳ ቢሆን ጤና ይስጥልኝ ቢባባሉ ብለን በትሕትና እናሳስባለን።

፫. ሦስተኛው ጥፋት የእህቴ ልጅ የአስቻለች ነው፤ እውነት ተናገረች።

ይህን ለመረዳት አንድ ልማዳችንን ማወቅ ይኖርብዎታል። አባቶቻችን ወደ ተከዜ ቆላ ወርደው ያርሳሉ፣ ያጭዳሉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግን ዳገቱን ይወጣሉ። «የቆላን እህል ብላ፣ እንቅልፉን ተውለት» ይሉ ነበር። ስለዚህ በእኛ አገር አንድ ሰው ሲንቀጠቀጥ የሚጠየቀው ምንህን አመመህ ሳይሆን «የት አድረህ ነው?» ተብሎ ነው። ጥያቄው ለወንድ የጥንቃቄ ነው፤ ለሴት ግን የትዳር ነው። ባሏ በሌለበት ቆላ ያደረች ሴት ትኩሳቱ ቢለቃት እንኳ ሐሜቱ አይለቃትም። ጽሕፈት ቤትዎ ይህን የአያቶቻችንን ጥያቄ ከእኛ ወስዶ፣ መመሪያ አድርጎ፣ ለኬላው መልሶ ላከው። ከእንግዲህ ትኩሳት ያለበት ሰው ቆላ አድሬያለሁ ካለ ይመረመራል፤ ቤቴ ነው ያደርኩት ካለ የትኩሳት ኪኒን ይዞ ይሄዳል። መመርመሪያው ጥቂት ነውና ደጋ ላይ እንዳይባክን ነው አሉ። ቁጠባዎን አደነቅን።

አስቻለች የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። ባሏ ምስጋኑ ላሊበላ ከተማ የቀን ሥራ ላይ ነበር። ትኩሳት ሲይዛት አማቷ እትየ ሸጌ ደግፈው ኬላ ወሰዷት። ኬላው ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ግማሽ መንደር ተሰልፏል። የጤና ባለሙያዋ ስሜነሽ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ እዚያው ደጃፍ ላይ፣ መሬት መሬት እያየች፣ «ቆላ አድረሻል?» ብላ ጠየቀቻት። ሰልፉ በሙሉ ሳሉን ዋጠ። አስቻለች እየተንቀጠቀጠች፣ «ያደርኩት ባሌ ቤት ነው» አለች። እትየ ሸጌ ነጠላቸውን አስተካክለው ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ገረመሙት። በመንገድም «ደግ አደረግሽ፣ አኮራሽኝ» አሏት። ልጅቱም የትኩሳት ኪኒኗንና ክብሯን ይዛ ገብታ ተኛች።

በሳምንቱ ሰው መለየት ተሳናት። ሠርጌ ነው እያለች ለሌሉ እንግዶች ቦታ ትለቅ ጀመር። ያን ጊዜ እትየ ሸጌ በቃሬዛ አስይዘዋት ወደ ኬላው ተመለሱ። እኒህ ሴት በጾም ወተት የሚሸጥበትን መንገድ ዞረው የሚያልፉ ናቸው። ማንም ሳይጠይቃቸው በዚያው ሰልፍ ፊት ቆመው፣ «ቆላ ይዣት የወረድሁ እኔ ነኝ፤ መሽቶብን አብረን ነው ያደርን፤ ሚካኤልን» ብለው ማሉ። ያሾፈ አልነበረም። ስሜነሽ መረመረቻት፤ በመመርመሪያው ላይ ሁለቱም መስመር ወጣ፤ ወባ ነው። መድኃኒት ተሰጣት፣ ልጅቱ ተረፈች። ፅንሱ አልተረፈም። ቅሬያችን ሳይወለድ ለቀረ ድንኳን አይጥልም፤ ስለዚህ በእኔም መዝገብ፣ በእርስዎም ሪፖርት የለም።

፬. አራተኛውና ከሁሉ የከበደው ጥፋታችን ከዚያ ወዲህ የሠራነው ነው። መንደሩ መድኃኒቱ በየትኛው በር እንደሚገኝ አወቀ። ትኩሳት የያዘው ሁሉ ቆላ አድሮ ይመጣ ጀመር። ክርስትና ያላስነሣች አራስ ከነልጇ ቆላ አደረች። ከመደብ ሳይነሡ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ በልጃቸው ጀርባ ታዝለው መጥተው፣ «ትናንት ነው የወጣሁት፣ ዳገቱ አደከመኝ» ሲሉ ሰርክአዲስ፣ «አባባ፣ ሲመለሱ ለእኔም ሎሚ ያምጡልኝ» ብሎ ያን የታመመ ሰልፍ አሳቀው። ያን ሁሉ ሕዝብ በአንድ ሌሊት ተከዜ ቢያየው ኖሮ ደንግጦ ወደ ምንጩ በሸሸ ነበር። እርስዎ ግን አልደነቀዎትም። በስብሰባ ላይ ያነበቡትን ሪፖርት ሰማነው፤ በገብስ አምባ የተገኙት ሕሙማን በሙሉ ከቆላ ይዘውት የገቡ ናቸው፣ በቀበሌው ውስጥ የተያዘ አንድም ሰው የለም፣ ስለዚህ አጎበርም ሆነ የቤት ውስጥ ርጭት አያስፈልግም።

ያን ጊዜ ነው ያደረግነው የገባን። አንድ ሰው ለማዳን የምንዋሸው ውሸት ሁሉ የእርስዎን ሪፖርት እውነት እያደረገው ኖሯል። ዛሬ የዳነው ሰው ለነገው ሰው ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ቆፋሪዎቹ ደግሞ እኛው የቅሬው ሰዎች ነን።

ስለዚህ በዚህ ግልጽ ደብዳቤ፣ በአገር ፊት፣ እናምናለን። ማንም አልወረደም። ሁላችንም ያደርነው ቤታችን ነው። እርስዎ ደጋ ባሉት፣ ትንኟ ግን ባልጠየቀችው ቤታችን።

ይህን መናገር ቀላል ሆኖልን አይምሰልዎት፤ በመመሪያዎ መሠረት ከነገ ጀምሮ አንመረመርም ማለት ነው። የመጀመሪያዋም ተረኛ ተገኝታለች። ይህን ስጽፍ እትየ ሸጌ ራሳቸው በትኩሳት ተይዘው ተኝተዋል። ኬላ እንሂድና ቆላ አድሬያለሁ ይበሉ ብንላቸው አሻፈረኝ አሉ። አስቻለች እግራቸው ሥር ተቀምጣ፣ «እማዬ፣ እኔን ያተረፈኝ ውሸት እርስዎን ምን ያደርግዎታል?» ብትላቸው፣ «አንቺ ገና ትወልጃለሽ፤ እኔ በእርጅናዬ ለገዛ ነፍሴ ብዬ ሚካኤልን ሁለተኛ አልጠራውም» አሏት። ልጅቱ አሁን ከአጠገባቸው አትነሣም። አንድ ቀብራለች፤ ሁለተኛውን በዓይኗ እየጠበቀች ነው።

የምንለምንዎ ከባድ ነገር አይደለም። የት እንዳደርን መጠየቅዎን ትተው ደማችን ይጠየቅ። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ስለ ውለታዎ ሁሉ እናመሰግናለን። ከወባ ነፃ ስላሉን እናመሰግናለን፤ ከነፃነታችን የተነሣ መቆም አቅቶናል። ከፍታችንን ስላከበሩልን እናመሰግናለን፤ ወደ ሰማይ መቅረባችንን በየሳምንቱ እያረጋገጥን ነው።

ቢሮዎን ውርጭ አይለየው፣ መስኮትዎ ተከፍቶ የሚያድርበት ዕድሜ ይስጥዎ እያልኩ፣ ከመቃብር ሥራ በተረፈችኝ ሰዓት በታላቅ አክብሮት ዝቅ ብዬ፣ መመሪያው እስከሚፈቅደው ከፍታ ድረስ ብቻ ዝቅ ብዬ፣ እጅ እነሣለሁ።

ወንድምአገኝ
የገብስ አምባ ቅሬ ጸሐፊ፣ የአስቻለች አጎት

ግልባጭ፦
ለሳንባ ጤና ክፍል (ኮሪደሩን ተሻግሮ፣ ትይዩ ያለው በር)
ለወባ ትንኝ (ከባሕር ጠለል በላይ ያለችበትን ታውቀው ዘንድ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው ሳይላክ አንድ ነገር ሆነ። ስሜነሽ እትየ ሸጌ ቤት ድረስ መጥታ፣ አንድም ነገር ሳትጠይቅ ጣታቸውን ወጋችና መረመረች። ሁለቱም መስመር ወጣ። ያደሩበትን ቦታ «ቤታቸው» ብላ መዘገበች፤ በኬላው የቀረውን የመጨረሻውን መድኃኒትም ሰጠቻቸው። እሳቸው ዛሬ ቀና ብለው ደብዳቤዬ መርዘሙን እየነቀፉ ነው። በማግስቱ ግን ወሬውን የሰሙ ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰለፉ፤ የሚሰጣቸው የለም፣ እነሱም አልተነሡም። በዚያው ቀን አንድ ሞተር ብስክሌት ከእርስዎ ዘንድ እየበረረ መጣና፣ ስሜነሽ ከመመሪያ ውጭ መመርመሪያ ስለማባከኗ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አደረሰ። ከከፍታችን ሌላ መንገዳችንም አያስገባም እየተባለ አጎበሩ መቅረቱን አምነን ነበርና፣ አንድ ወረቀት ከእርስዎ ጠረጴዛ እኛ ዘንድ በግማሽ ቀን እንደሚደርስ በማየታችን ተደስተናል። ሞተረኛው ሲመለስ ሰልፉን በዓይኑ አይቶታል፤ ስንት ሰው እንደነበረ ይጠይቁት፤ ነገ ሲጠይቁት ግን ቁጥሩ ትክክል አይሆንም፤ ከሰልፉ ወደ እኔ መዝገብ የሚሻገር አይጠፋም።