ያልመረመርኩት የቦንሳ ደም

ለውድ እኅቴ ለፌኔት፣ የጌታ ሰላም ይብዛልሽ። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የኩዌት ሙቀትስ በረደላችሁ? አሠሪሽ አርብ አርብ ወደ ጸሎት ኅብረት እንድትሄጂ አሁንም ትፈቅድልሻለች? እኛ ጌታ ይመስገን ደኅና ነን ልልሽ ነበር፤ ግን በዚች ቃል ስንት ነገር እንደሸፈንኩባት ስለማውቅ ልተዋት።

በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ነበር። ድምፄ ሲሰበር አንቺው ታጽናኚኛለሽ፣ እኔም ቀለል ብሎኝ ስልኩን እዘጋለሁ። ስለዚህ በወረቀት አድርጌ፣ ወደዚያው ለምትመለሰው ለጎረቤታችን ለሶፊያ ሰጠኋት።

መንትዮችሽ ከመዘምራኑ ጋር ለጉባኤ ቆላ ቦርደዴ ደርሰው በተመለሱ በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሎሚን ብርድ ብርድ አላት። ታውቂያት የለ፣ ጥፍሯ ቢሰበር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። አለቀሰች፣ ሦስት ብርድ ልብስ ደረበች። መንትያዋ ቦንሳ ደግፎ እኔ ወደምሠራበት ክሊኒክ አመጣትና ደሟን በገዛ እጄ መረመርኩ፤ ወባ ነበር፣ ኪኒኗን ወዲያው ጀመረች። እሱ አጠገቧ እንደቆመ፣ «አክስቴ፣ እኔንም ራሴን እያመመኝ ነው» አለኝ። ጓንቴን ገና አላወለቅኩም፣ የጣት መውጊያውም እዚያው ነበር። ወረፋው ግን በር ደርሷልና፣ «ወንድ አይደለህ እንዴ? እስከ ሰኞ ቻለው» ብዬ ሸኘሁት። ለማንም ታካሚ የማልለውን ለቤቴ ልጅ አልኩት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

እሑድ ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ ጸሎት ቤት ዋለ። ሰኞ ጠዋት ስጠራው የማይገባ ነገር መለሰልኝ፣ ወዲያውም ወድቆ ተንፈራገጠ። ወባው ጭንቅላቱ ላይ ወጥቶ ነበር። አራት ቀን ራሱን ሳያውቅ ሆስፒታል መተኛቱን ነግሬሻለሁ።

ያልነገርኩሽ ይሄ ነው። የሚያክመውን ዶክተር ዓባይን፣ እኅቱ በሦስት ቀን ስትነሳ እሱ ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ጠየቅኩት። በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የወንድ ሆርሞን የሰውነትን መከላከያ ሲያለዝብ፣ የሴቷ ደግሞ ሲያነቃቃው ታይቷል አለኝ። በስልክ «ተፈጥሮው ነው፣ ሆርሞን ነው» ያልኩሽ ከዚያ ወስጄ ነው። ግን የወሰድኩት ግማሹን፣ ለእኔ የሚመቸኝን ነው። ዶክተሩ ቀጥሎ፣ መከላከያው ከመጠን በላይ ሲቆጣ ደግሞ አንጎልን የሚጎዳው እሱ ራሱ እንደሆነ፣ በሰው ላይም ነገሩ ገና ተጣርቶ እንዳላለቀ ነግሮኛል። በመጨረሻ ሕመሙ መቼ ጀመረው ሲለኝ፣ «እሑድ ማታ» ብዬ ዋሸሁት። ፌኔት፣ ሆርሞኑ የራሱን ሠርቶ ይሆናል፤ ሁለቱን ቀን ያባከንኩት ግን እኔ ነኝ። አፍሬያለሁ።

«ልጆቼ አንቺ ዘንድ ስላሉ አልሰጋም፣ ውሌን ለሁለት ዓመት አድሳለሁ» ብለሽኛል። ሳትፈርሚ ይህን እወቂ። ማን ላይ እንደተውሻቸው አውቀሽ ወስኚ። ብትቆጪኝ ይገባኛል፣ መጥተሽ ብትወስጃቸውም ቅር አልሰኝም።

እማዬ ጉልበቷ ቢያስቸግራትም ደኅና ናት፣ ሰላም ትልሻለች። ሎሚ ትምህርቷን ቀጥላለች፣ ፎቶሽን ላኪልኝ ብላለች። ቦንሳ ግራ እጁ ገና ቢዝልም መራመድ ጀምሯል። ያን ሰሞን የሆነውን ሁሉ ረስቷል፤ ጉባኤውን እንኳ አያስታውስም። ይህን ከመጻፌ በፊት የቅዳሜውን ለእሱ ነገርኩት። እሱም፣ «አንቺማ ና ልመርምርህ ብለሽኝ ነበር፤ መርፌ ፈርቼ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ለእማም እንደዚህ ብለሽ ጻፊላት» አለኝ። እኔ ግን የሆነውን ጻፍኩልሽ።

እኅትሽ እሴት
ጭሮ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.