ለቢጫ መስመሮቹ ባለቤት፣ ስለ ባለ ሦስት ሆዷ ጀልባችን

ይድረስ ለተከበሩ የወደቡ የጥገና ግቢ ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ? ቀኑን ሙሉ በመስኮት ተደግፎ ግቢ መቆጣጠር ለወገብ እንደማይስማማ ስለማውቅ ዘወትር አስብልዎታለሁ። እኛ ባለፈው ሳምንት ታላቅ ወንድማችንን ቀብረን ከመመለሳችን በቀር ደህና ነን። ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ደጋግማ ስለነገረችኝ ግን ይህን ደብዳቤ በግቢው በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ ሲገቡም ሲወጡም እንዲያገኙት፣ ሌላውም ሰው እግረ መንገዱን እንዲያነበው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከጀልባዋ ልጀምር። እርስዎ ያውቋታል፤ ለማያውቋት አንባቢዎች ግን፣ እኔ የምነዳት የቤተሰባችን ጀልባ ሦስት ሆድ ያላት ናት። ሰውና ዕቃ የሚሸከመው፣ ሞተሩም ያለበት፣ የመሐሉ ትልቁ ሆድ ነው። ግራና ቀኝ ያሉት ቀጫጭኖቹ፣ እኛ ክንፍ የምንላቸው፣ ከመሐሉ ጋር በክንድ ተያይዘው እንዳትገለበጥ ሚዛን ይጠብቃሉ እንጂ ሸክም አያውቁም፤ ውስጣቸውም ባዶ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለች ጀልባ ከውሃ ወጥታ ስትቆም ክብደቷ በሙሉ ከመሐሉ ሆድ ሥር በተደራረበ ወፍራም ጉማጅ እንጨት ላይ ማረፍ አለበት፤ ከክንፎቹ ሥር የሚገባው ድጋፍ ሥራው ነፋስ እንዳያወዛውዛት ነካ አድርጎ መያዝ ብቻ ነው። ይህን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት እንደሆነ አላጣሁትም። ለወንድሜ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት። ያኔ ከአባታችን ጋር መዶሻ እየተቀባበሉ ሲሠሩ፣ ዓይንዎ ከመሣሪያ ይልቅ ልክ ስለነበር ግቢው ሁሉ «ውሃልክ» ይልዎት ነበር። አሁን ማንም እንዲያ ብሎ አይጠራዎትም።

ቅሬታ ማለት በእርስዎ ፊት ድፍረት ስለሚሆንብኝ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ግቢው እንዲያምር ስላደረጉት ድካም አመሰግናለሁ። የበላይ አለቆች ለጉብኝት ይመጣሉ ተብሎ መሬቱ ታጥቦ፣ ከዳር እስከ ዳር ቢጫ መስመር ተሰምሮ፣ የጀልባ ሁሉ ድጋፍ በመስመሩ ላይ ብቻ እንዲቆም ታዘዘ። ከቢሮዎ መስኮት ሲታይ ድጋፎቹ እንደ ተማሪ ሰልፍ ቀጥ ብለው እንደሚያምሩ አልጠራጠርም። ሆዳቸው ሰፊና ጠፍጣፋ ለሆነው ለሌሎቹ ጀልባዎች ሁለት ረድፍ ድጋፍ ይበቃል፤ መስመሩም የተለካው በእነሱ ነው። የእኛይቱን ግን ክሬኑ አንጠልጥሎ ሲያመጣት መስመሮቹ በክንፎቹ ሥር አለፉ። ክብደቱ ያለበት መሐል ባዶ መሬት ሆኖ ቀረ።

፪ኛ፦ ወንድሜ ከመሐሉ ሆድ ሥር የደረደረውን ጉማጅ በመስኮት አይተው «ያ ክምር ምንድነው? አንሳው፣ ረድፉን አበላሸው» ስላሉት አመሰግናለሁ። ወንድሜ ቀና ብሎ «ጋሼ፣ ክንፉ እኮ አይችልም» አለዎት። እኔ ከጎኑ ቆሜ ነበር፤ ማን ያውራ የነበረ ይባላል። እርስዎም «መስመሩ ለሁሉም እኩል ነው፤ ካልፈለግህ ተራህን ልቀቅ» ብለው መስኮቱን ዘጉ። የመሐሉ ሆድ ተሰንጥቆ ውሃ ያስገባ ስለነበር፣ ተራ መልቀቅ ማለት ጀልባዋን ወደምትሰምጥበት መመለስ ነው። ወንድሜ እየተሳደበም ቢሆን ጉማጆቹን አንድ በአንድ አወጣ፤ በመስመሩ ላይ ያሉትን ድጋፎች ሽብልቅ እያስገባ አጠበቀ፤ ከዚያ የስንጥቁን ዙሪያ ሊፍቅ በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። ጀልባዋ እስከ ምሳ ሰዓት ታገሠች። የግራው ክንፍ ክንድ የተሰበረው ሰው ሁሉ እጁን ሊታጠብ ሲሄድ ነው። ድምፁ ትልቅ አልነበረም። ወንድሜ ከሥሯ ተንሸራቶ ለመውጣት ጊዜ አላገኘም።

፫ኛ፦ ክሬን ነጂው የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ሮጦ ማሽኑን አስነስቶ ጀልባዋን ከወንድሜ ላይ ስላነሳልን፣ «ያለ ትእዛዝ ንብረት በማንቀሳቀስ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሰጥተውታል። ሥርዓት ሲከበር ደስ ይላል።

፬ኛ፦ ስለ ፈጣኑ ምርመራ። አደጋው የደረሰው «ሟች ድጋፉን በገዛ እጁ በማንሳቱ» ነው ተብሏል። እዚህ ላይ ውሸት የለም፤ እጁ የእሱ ነበር። አፉ የማን እንደነበር ያልተጻፈው ምናልባት ቦታ ጠቧቸው ይሆናል። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ የሞተ ሰው ደግሞ መልስ አይሰጥም፣ ለመርማሪ እንደ እሱ ምቹ ሰው ከየት ይገኛል? ጥፋቱ የሟች ስለሆነ መስመሩ ጥፋት የለበትም፣ ስለዚህ ባለበት ይቀጥላል ተብሎ ተወሰነ። ለቅሶ ቤታችን ድረስ መጥተው እናታችንን «ላይችል አይሰጥም» ብለው ማጽናናትዎንም አልረሳሁም። እሷ አንገቷን ደፍታ ሰማችዎት። እኔ የማስበው ስለ ክንፉ ነበር።

፭ኛ፦ ይህኛውን ማመስገን ከበደኝ። ትናንት ለታናሽ ወንድሜ ትእዛዝ መጥቶለታል፦ የተሰበረው ክንድ በብረት ታስሮ ጀልባዋ ሰኞ ጠዋት እንደገና በመስመሩ ላይ ትቁም፤ እሱም ከሥሯ ገብቶ የቀረውን ፍቆ፣ ስንጥቁን ደፍኖ፣ ቀለም ቀብቶ ከጉብኝቱ በፊት ይጨርስ፤ አለበለዚያ ግቢው ጀልባዋን አውጥቶ ይጥላታል። ታናሽዬው ዝምተኛ ነው፣ እሺ ብሏል። መፋቂያውን ከሟቹ የመሣሪያ ሣጥን አውጥቶ ሲስለው አየሁት። አትግባ ስለው ጀልባዋ ከሄደች እናታችንን በምን እናኖራታለን ይለኛል። ክቡር ሆይ፣ ይህን በጨዋ ቋንቋ አሳምሬ የምጽፍበት መላ አጣሁ፤ እፈራለሁ። አንዱን ከዚያች ጀልባ ሥር ጎትቼ አውጥቻለሁ። ሁለተኛውን የማወጣበት ጉልበት የለኝም።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ግቢያችን ከመስመሩ በፊት ያልተጻፈ ሕግ ነበረው፦ ድጋፍ ያዘዘ ሰው፣ ማንም ሳይገባ በፊት ራሱ ከጀልባዋ ሥር ገብቶ በጀርባው ይተኛል፤ ድጋፉን ሁሉ በመዶሻ እየነካካ ያዳምጣል፤ ልቡ ሲያርፍ «ግቡ» ይላል። እርስዎ ለአባታችን ጀልባ እንዲህ ሲያደርጉ በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲያውም አንድ ቀን እዚያው እንቅልፍ ወስዶዎት አባታችን በእግርዎ ጎትቶ ሲያወጣዎት ግቢው ሁሉ ሳቀ። እንቅልፍ የሚወስደው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ጀልባዋ በመስመርዎ ላይ ስትቆም ይምጡና ከመሐሉ ሆድ ሥር ይተኙ፤ ታናሽ ወንድሜ ስንጥቁን ለመድፈን የሚፈጅበትን ያህል ብቻ። ተነስተው «ግቡ» ካሉ ታናሽ ወንድሜ ይገባል፣ እኔም አብሬው እገባለሁ። ካልመጡ ጉማጁን እኛው ከመሐል እንደረድራለን፤ ክሬን ነጂውም ያለ ትእዛዝ ሊያነሳልን ቃል ገብቷል። አለቆቹ መጥተው ረድፉ ለምን ተበላሸ ሲሉ፣ እኔ እዚያው ቆሜ ከመጀመሪያው ጀምሮ እነግራቸዋለሁ።

ከቤታችን የተቆረጠው ዕድሜ ለእርስዎ ይቀጠልልዎ፣ መስኮትዎም ብርሃን አይጉደለው እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ እነሣለሁ።

የሟቹ እህት፣
እስከ ሰኞ ጠዋት ድረስም በሕይወት ያለ የአንድ ወንድም እህት

ማስታወሻ፦ መሬት ላይ ሲተኙ ልብስዎ እንዳይበላሽ ቢሰጉ አልፈርድብዎትም፤ አሮጌ ነገር ለብሰው ይምጡ። እናታችን የልጇን ሸሚዝ እስከ ዛሬ እያጠበች ነው። ደሙ ለቋል፤ የመስመርዎ ቢጫ ቀለም ግን እንቢ ብሏታል።