የሪል ቁጥር አራት ጭረት

ሰኞ፣ ኦክቶ. 6። ከሥራ መልስ

መዝገብ ሆይ፣ ተነሥተህ ቁም። የምትሰማው ከባድ ነው። ዛሬ በሲልቬራዶ ራንች ሰፈር፣ በመኖሪያ ቤታችን ጋራዥ፣ በሪል ቁ. 4 የግራ ጎን ላይ ጭረት ተገኝቷል። ርዝመቱ አንዲት የሩዝ ፍሬ ያህላል። ባንዲራ ዝቅ እንዲል ላዝዝ ነበር። ባንዲራ የለንም።

ባለቤቴ አስቴር ተደብቃ ካነበበችህ ትወቀው፦ ሪል ማለት የዓሣ ማጥመጃው ዘንግ ላይ ተቀምጦ ክሩን የሚጠቀልል ማሽን ነው፤ “ያ ጥቅልል ነገር” አይባልም። ቁ. 4 የጃፓን ሥራ ነው፣ ብርማ ነው፣ ዐሥር ኩሽኔታ አለው፣ ሲዞር ድምፅ የለውም። በሆቴል ሜንቴናንስ ፓምፕና ሊፍት ስፈታ ኖሬ እንዲህ ጨዋ ማሽን አላጋጠመኝም። ጠቅላላ ንብረት፦ ዘንግ 11፣ ሪል 11። ሁሉም ባስ ለሚባለው ዓሣ። እስከ ዛሬ የተያዘ ባስ፦ 0። ይህ ቁጥር ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ምርመራው ወዲያው ተጀመረ፣ ወዲያው አለቀ። ትናንት ከእኔ በቀር ቁ. 4ን የነካ ሰው አንድ ብቻ። እኔ አልጠረጠርም። የቀረው ሰይድ ነው፤ እንግዶች የሚያመላልሰው የሆቴላችን ሻትል ሾፌር፣ ወዳጄ፣ ወሎ ውስጥ ሐይቅ ዳር ያደገ። አያያዙን እያሳየሁት ሳለ ተቀብሎኝ እጀታውን አዟዟረና “ይሄ ነገር በርበሬ ይፈጫል?” አለ። ከዚያ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል። ውሳኔ፦ ሪል ቁ. 4ን የጫረው ሰይድ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ቁ. 4 አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ አይዋስም።

ማክሰኞ፣ ኦክቶ. 7። በምሳ እረፍት

ክሱን ላሰማው ወረድሁ። ሰይድ ሻትሉ ውስጥ ሳንድዊች ይበላል። እሑድ ቁ. 4ን ጭረህብኛል አልሁት፣ በጨዋ ደንብ። መስኮቱን ዝቅ አደረገ።

“ብርሃኑ፣ አታስብ። ከእንግዲህ የሚጭርብህ የለም። ሚኒሶታ ልገባ ነው።”

ቀልድ መሰለኝ። አይደለም። ልጁ መንታ ወልዳለች። ሚስቱ ዘምዘም ባለፈው ወር ልታርሳት ሄዳ በዚያው ቀርታለች። እሱም ሥራ ለቅቋል። ዕቃውን ጭኖ ቅዳሜ፣ ኦክቶ. 18 ጠዋት ይነሣል።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ የሠራተኛ በር የገባን ሰዎች። ይህን የነገረኝ በመኪና መስኮት። እንኳን ማርያም ማረቻት፣ እንኳን ደስ ያለህ አልሁ።  የቀረው ክስ ኪሴ ውስጥ ቀረ፤ ልለው የሚገባኝ ይቅርታም አብሮ።

ሚኒሶታ ሐይቅ በሐይቅ ነው፣ መዝገብ ሆይ፤ ዐሥር ሺህ አለን ይላሉ። አንድ ዘንግ የሌለው ወደዚያ ይሄዳል። ዐሥራ አንድ ዘንግ ያለው በረሃ ላይ ይቀራል። አከፋፋዩን እንዳልከስስ ሰማይ ቤት ነው።

ረቡዕ፣ ኦክቶ. 8

ፓምፕ ስፈታ ስቆጥር ዋልሁ። እኔና ሰይድ በ19 ዓመት ከአንድ ሰሃን ስንት ጊዜ በላን? ሽሮ፦ ቁጥር የለውም። ምስር፦ እንደዚሁ። ሥጋ፦ ዜሮ። እሱ ልጁን ሲድር እኛ በክርስቲያኑ ጠረጴዛ። እኛ ክርስትና ስናነሣ እሱ በሙስሊሙ ጠረጴዛ። ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ በመካከል “ብሉ እንጂ፣ ጠጡ እንጂ”። ቅር ያለው የለም፤ ሁለታችንም በዚህ ወግ ነው ያደግነው። እሱ ባርኮ ያረደውን እኔ አልበላም፣ እኔ ባርኬ ያረድሁትን እሱ አይበላም።

ዓሣ ግን አይታረድም። ዓሣ ጠረጴዛ አይለይም።

ስለዚህ ስለት ገባሁ፦ ሰይድ ሳይሄድ፣ በገዛ እጄ ባስ አጥምጄ፣ ከአንድ ሰሃን እንበላለን። ደውዬ ነገርሁት። ቱና በልተን የለ እንዴ አለኝ። የቆርቆሮ ዓሣ አይቆጠርም፣ አጥማጁ አይታወቅም አልሁ። ሲስቅ ሻትሉ ውስጥ ያሉት ቱሪስቶች አብረው ሲስቁ ሰማሁ።

“ወላሂ፣ አንተ ካጠመድክ እኔ ከነእሾሁ እበላዋለሁ።”

የእሱ የመጨረሻ ሺፍት ሐሙስ 16። የእኔ ኦፍ ዓርብና ቅዳሜ። እንግዲህ ዓርብ 17 ሐይቁ ላይ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ድምፅ ሰጪ፦ 1።

ዓርብ፣ ኦክቶ. 10

ለቅኝት ብቻዬን ሚድ ሐይቅ ወረድሁ። አምስት ዘንግ ይዣለሁ፤ ሳይንሳዊ ንጽጽር ነው። ውጤቱ ይኸው፦ ቁ. 2፣ ሰባት ጫማ፣ ደረቅ ያለ፣ ሩቅ ይወረውራል፤ ዓሣ የለም። ቁ. 7፣ እንደ አርጩሜ ይተጣጠፋል፣ ሲይዙት ደስ ይላል፤ ዓሣ የለም። ቁ. 9፣ መያዣው ቡሽ፣ የእኔን እጅ ለክተው የሠሩት ይመስላል፤ የለም። ቁ. 11 ባለፈው ሳምንት የደረሰ ነው፣ ዋጋውን አንተም አታውቀውም። የለም። ቁ. 4 ክሩ ተተበተበ።

አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ፣ ቀለሙ የተላጠ አንድ ዘንግ ይዞ፣ ሁለት አወጣ። ሁለቱንም ስሞ ለቀቃቸው። ስለ ቁ. 4 ማርሽ ጥርስ ብዛት ግማሽ ሰዓት አወራን፤ ከዓመቱ ምርጡ ግማሽ ሰዓት። ባስ ተይዞ ይለቀቃል እንጂ አይበላም ብሎ አስጠነቀቀኝ። የሰይድን ነገር ስነግረው ግን ከኪሱ ሁለት ሐምራዊ የፕላስቲክ ትል አውጥቶ ሰጠኝ። አትቸኩል፣ ከሥር ይተኛ፣ የአንተ ችግር ዘንግ አይደለም ዕረፍት ማጣት ነው አለ። የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ለመዝገብ ስል ብቻ ጻፍሁት።

ቅዳሜ፣ ኦክቶ. 11

የውርወራ ልምምድ፣ ከቤታችን ፊት ለፊት፣ ሣር ላይ። ኢላማ፦ ባልዲ። የተያዘው፦ ጎረቤታችን ለሃሎዊን በዓል ያቆመው በአየር የሚነፋ የመንፈስ አሻንጉሊት፣ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። መንጠቆው ትከሻው ላይ ገባ። ታገለኝ፣ ነፋስም አገዘው። ቀስ በቀስ ደከመ፣ ተንበረከከ፣ ሣሩ ላይ ተነጠፈ። ጎረቤቴ በመስኮት ሲመለከት ነበር።

የመጀመሪያ ግዳዬ። ክብደት፦ አየር። በመመሪያው መሠረት ተለቀቀ፤ በቴፕ ታሽጎ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶ. 14

አስቴር (ከእንግዲህ አስ.) ሰመርሊን ካለው ቢሮዋ ስትመለስ ከቦርሳዋ አንድ ነገር አውጥታ ፍሪዘር ከበረዶው ኋላ ሸጎጠች። አየሁ። የሱቅ ዓሣ፣ ቲላፒያ። የታጠበ፣ የተቆረጠ፣ በፌስታል። ምንድን ነው አልሁ። መጠባበቂያ አለች። ሰይድ ከቲላፒያና ከባስ ቅንጣት አይለይም አለች።

ሐይቅ ዳር ያደገን ሰው ቲላፒያ አብልቶ ባስ ነው ማለት። መዝገብ ሆይ፣ በዚህ ቤት ሙስና ገብቷል። ንግግር አደረግሁ። ጭረት አንሥቼ እምነት፣ እምነት አንሥቼ ስለት ደረስሁ። እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ሰማችኝ።

“የሩዝ ፍሬ የምታክል ጭረት ታያለህ፣ የመኪናችን በር ከተጫረ ሁለት ዓመቱ። ጨርሰሃል?”

አልጨረስሁም ነበር። ግን ጨረስሁ። ቲላፒያው ፍሪዘር ውስጥ ነው። ሁለት ጊዜ ሄጄ አየሁት። አልነካሁትም። ዓርብ ባዶ እጄን ከተመለስሁ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ይህን ለማንም እንዳትናገር።

ዓርብ፣ ኦክቶ. 17። ከሰዓት

እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። በዚሁ እጅ ነው የምጽፍብህ። ቻለው።

ሦስታችን ሄድን። አስ. ጃንጥላና መጽሐፍ ይዛ፣ ሰይድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ እኔ አምስት ዘንግ። የፀሐዩ ነገር፣ ኦክቶበር ነኝ አይልም። በየአምስት ውርወራው ዘንግ እቀይራለሁ። ሰይድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይቆጥራል።

“አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራ እንኳ ይህን ያህል ልብስ አይቀይርም።”

እስከ ረፋድ ምንም። ፍሪዘሩ ትዝ ይለኛል። በመጨረሻ ቁ. 4። ሐምራዊውን ትል አሰርሁ፣ ወረወርሁ። ክሩ ሪሉ ላይ ተተበተበ፤ ድመት የተጫወተችበት ልቃቂት። ተቀምጬ በጥፍሬ እፈታለሁ። ትሉ ከሐይቁ ሥር ተኝቷል። ሰይድ ሥራው እንዲቀልልኝ ወደ ውሃው የሚሄደውን ክር በጣቱ ይዞልኛል። ስለ መንታዎቹ ስም ያወራል፣ አንዱን አማቶቹ አወጡ፣ አንዱ ለእሱ ተትቷል። ድንገት ጣቱን አየ።

“ብርሃኑ። ይሄ ክር ይጎትታል።”

ሪሉ አይዞርም። ዐሥሩም ኩሽኔታ ዝም። ሰይድ ዘንጉን ከእጄ ነጥቆ መሬት ላይ አስተኛው፤ የጃፓንን ጥበብ እንደ ማገዶ። በእጅ ነው፣ እኛ አገር በእጅ ነው አለ። ክሩን መዳፉ ላይ አዞረ፣ ለእኔም አስያዘኝ። ሲንፈራገጥ ልቀቅለት ይላል፣ ሲያርፍ ሳብ ይላል። እኔ እስባለሁ፣ እሱ ክርኑ ላይ ይጠቀልላል። መዳፋችን ቀላ። አስ. መጽሐፏን ጥላ ከነጫማዋ ውሃ ገባች። ጃንጥላውን ዘቅዝቃ ከሥሩ አስገባች፣ ከፍ አደረገች።

ባስ። አረንጓዴ፣ አፈ ሰፊ፣ ከክርኔ እስከ ጣቴ ጫፍ። ሦስታችንም ጃንጥላው ውስጥ አየን።  ሰይድ፣ ባስ ማለት ይሄ ነው አለ፣ እንደ ሰው ሲተዋወቅ።

ቤት መጣን። አጸዳሁት። አስ. ሎሚና ሚጥሚጣ ቀባችው። ሰይድ እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። ዘይቱ ሲግል ነው ያስታወስሁት።

ዛሬ ዓርብ ነው። ጾም።

ዓሣ በጾም ይበላል የሚል አለ፣ አይበላም የሚል አለ፤ ክርክሩ ከእኛ ዕድሜ ይበልጣል። በእኛ ቤት አይበላም። አስ.ን ዞር ብዬ አየኋት። ዓርብ መሆኑን ታውቂ ነበር?

“ከመጀመሪያው ቀን።”

ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?

“ይያዛል ብዬ መች አሰብሁ።”

ሰይድ ወንበሩ ላይ በሳቅ ተንፈራፈረ፣ እንባው እስኪወርድ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ሊነሣ ነበር። ዓይኑን ጠርጎ ለቁርስ ይሁን አለ፤ መንታዎቹ ገና ሰዓት አያውቁም፣ ይጠብቁኛል። ምድጃው ጠፋ። ዓሣው ፍሪጅ ገባ፣ ከቲላፒያው አንድ ፎቅ በታች፣ በክብር።

ቅዳሜ፣ ኦክቶ. 18

ተበላ። አንድ ሰሃን፣ ሦስት ሰው። ሰይድ መጀመሪያ ከጀርባው በኩል ያለውን ወፍራሙን ቆርሶ፣ እሾሁን ለቅሞ፣ አጎረሰኝ። እኔም አጎረስሁት። ጨው ያንሰዋል አለ። ሰሃኑን ግን በዳቦ ጠርጎ ነው የተነሣ። ከነእሾሁ የሚለውን መሐላ አስታወስሁት፤ አላህ ይቅር ባይ ነው አለ።

መኪናው ተጭኖ በሩ ላይ ቆሟል። ጋራዥ ገብቼ ቁ. 4ን ከነዘንጉ አመጣሁ። ዐሥር ሺህ ሐይቅ ባዶ እጅህን አትሄድም አልሁት። መንታዎቹ ሲያድጉ በእጅ ብቻ ከማስተማር ይህንንም ያሳያቸው። አልቀበልም አለ። በኋላ ይጫራል ብለህ ልትከሰኝ ነው አለ። እንዴት እንደሚያዝ ላሳየው ግራ መዳፌን ሪሉ ላይ ጫንሁ። ቀጭ አለ።

አስ. ጎንበስ ብላ አየች። እጄን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች። የጣት ቀለበቴ ጭረቱ ላይ ልክ ገጥሞ ተኛ።

ሰይድ ባዶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘርግቶ አሳየኝ። “ሁለት ሳምንት ወንጀለኛ ሆኜ ነዋ ዓሣ ያወጣሁልህ።” ይቅርታ አልሁ። ለጭረቱ ብቻ እንዳልሆነ የገባው መሰለኝ። አንገቴን ይዞ በትከሻው ሦስት ጊዜ ገጨኝና ቁ. 4ን ተቀብሎ መኪናው ውስጥ ገባ። በመስኮት ደግሞ አንድ ነገር ነገረኝ፤ በመኪና መስኮት መልካም ነገርም ይወጣል፦ በጁን ኑ፣ ቤቱ ከሐይቁ አምስት ደቂቃ ነው፣ አስ. ጃንጥላዋን እንዳትረሳ።

ረፋድ ላይ ለአውሮፕላን ጉዞ የሚሆን የዘንግ ቱቦ አዘዝሁ። አስ. የጁንን ቲኬት ቼክ እያደረገች ነው። ቱቦው አራት ዘንግ ይይዛል። የትኞቹ አራት እንደሚሄዱ ንጽጽሩ ነገ ይጀመራል።

እርማት። በዚህ መዝገብ ኦክቶ. 6 ቀን “ሪል ቁ. 4ን የጫረው ሰይድ ነው” ተብሎ የሰፈረው ስሕተት ሆኖ ስለተገኘ ተሰርዟል። የጫረው የጸሐፊው የጋብቻ ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ከሥራው አይታገድም። በዚያው ዕለት “አይሸጥም፣ አይለወጥም፣ አይዋስም” የተባለው እንደጸና ነው። አይሰጥም አልተባለም። የዘንግ ብዛት 10፣ የሪል ብዛት 10፣ ባስ 1 ተብሎ ይነበብ። “ይህ ቁጥር ከጉዳዩ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም” የሚለውም ተሰርዟል።