ያለ ጓንት ስለተነካው ናሙናዬ

ለተከበሩ የምርምር ተቋማችን ዋና ዳይሬክተርና የአሥራ አንድ ዓመት አስተማሪዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በተለይም በየስብሰባው ለማይደክመው ድምፅዎ ሙሉ ጤና እንዲሰጥልኝ በታላቅ ትሕትና እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። በግል ማኅደሬ ባስገቡልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጥንቃቄ የጎደላት ተብዬ ከቤተ ሙከራ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ከተዛወርኩ ወዲህ የመጻፊያ ጊዜ ተትረፍርፎልኛል። ይህንንም በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ቢሮዎ አራት ጊዜ ተመላልሼ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ ነው።

፩. ሥራችንን ለማያውቁ አንባቢዎች ላስረዳ። በምናጠናው ባክቴሪያ ውስጥ አር ኤን ኤ የሚባሉ ትንንሽ ሞለኪውሎች አሉ፤ ሥራቸው አንድ ጂን የላከው ትእዛዝ እንዳይፈጸም ማስቆም ነው። ብቻቸውን ግን አቅም የላቸውም፤ ወዲያው ይቆራረጣሉ፣ የሚፈልጉትንም ትእዛዝ አያገኙም። አቅፎ የሚጠብቃቸው፣ ከትእዛዙም ጋር የሚያገናኛቸው አንድ ፕሮቲን ነው። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት፤ እኔም ሞኟ ያ ፕሮቲን እርስዎ መስለውኝ ኖርኩ።

፪. ፕሮቲኑ ትንሹን አር ኤን ኤ በየትኛው ጎኑ እንደሚይዝ ለማሳየት ሦስት ዓመት የለፋሁበትን ናሙና፣ እንግዶች በመጡበት ማክሰኞ፣ ለፎቶ ያምር ዘንድ የብልቃጡን ክዳን ከፍተው አፉን በባዶ ጣትዎ ስለያዙልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የሰው ላብ አር ኤን ኤን ድምጥማጡን እንደሚያጠፋ አውቃለሁ፤ በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ ጓንት ረስቼ ግማሽ ቀን የተቆጡኝ እርስዎ ነበሩ። የዳይሬክተር ላብ ምናልባት የተለየ ይሆናል ብዬ አፌን ያዝኩ። ፎቶው በመግቢያው አዳራሽ ተሰቅሏል፤ ጣቶችዎ አምረው ወጥተዋል።

፫. ውጤቱ ባዶ ሲሆን የዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ቀርበው ያበላሸችው እሷ ናት ብለው መሰከሩ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። አጠገብዎ ተቀምጬ ነበር፤ ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። ናሙናው እንደገና ይሠራል፣ ይህ ግን አንጀቴን ቆርጦታል። ያ ደብዳቤ በማኅደሬ እስካለ ድረስ የትኛውም ቤተ ሙከራ እንደማይቀበለኝ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። እንዲያነሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ትንንሾችን የማቀፍ ችሎታዎ ከፎቶ ያለፈ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለዋሉልኝ ውለታ ሁሉ እጅ እነሣለሁ።

በፊርማዎ ጥንቃቄ የጎደላት የሆንኩት፣
የቀድሞ ቴክኒሻንዎ

ግልባጭ፦ ፎቶውን ላነሱት ባለሙያ፣ ከልብ ምስጋና ጋር

ይህም ይታወቅልኝ፦ ያኔ ተማሪዎ ሳለሁ ቤታችን ድረስ መጥተው ትምህርቴን እንድቀጥል እናቴን ካግባቧት ወዲህ፣ በየጠዋቱ ስትጸልይ የእርስዎን ስም ከእኔ አስቀድማ ትጠራለች። የሆነውን አልነገርኳትም። ተዪው እንዳልላት አንደበቴ እምቢ ብሎኛል፤ ስለዚህ ነገም ይጸለይልዎታል።