ከፍሪጁ እግር ሥር

ጨለለቅቱ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1990 ዓ.ም.

ይድረስ ጎንደር ለሚያስተምረው ልጄ ለመላኩ። እንዴት ከረምክ? እኛ ደህና ነን፤ ከሱቁ የጎደልከው አንተ ብቻ ነህ።

የላምባው ፍሪጅ ዛሬም ትንሽ ካዘመመ አያቀዘቅዝም። እንዳሳየኸኝ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አናቱ ላይ አስቀምጬ፣ የውሃውን ማዘንበል እያየሁ አስተካክለዋለሁ። አንተ አንዴ ካስተካከልከው ሳያዘም ዓመት ይቆም ነበር። እኔ ግን ከመስከረም ወዲህ ከሱቁ ጀርባ ባለው ገደል በኩል ያለው እግር ዝቅ እያለብኝ ሥሩ አራት ጣውላ ደርቤያለሁ። እጄ እንዳንተ አልሆነም መሰለኝ። የጓዳው በርም አልገጥም ብሏል፤ እናትህ እርጥበት ነው አለች። ጎረቤታችን ቦና ልጆቹን ይዞ ወደ ወርቃ ከተማ፣ እህቱ ዘንድ ሄዷል። ለጥየቃ ነው ብሎኛል፤ የጣሪያውን ቆርቆሮ ግን ነቅሎ ጭኖታል።

ለገና እመጣለሁ ካልክ ጀምሮ እናትህ ቀን ትቆጥራለች። ስትመጣ እዚህ ድረስ አትድከም፤ ፍስሐ ገነት ከተማ አክስትህ ቤት ግባ። እናትህንም አልጋህንም ትናንት ወደዚያው ልኬአለሁ። አብረን እንሂድ ብላ አልቅሳ ነበር። እኔ ግን ፍሪጁን የሚያስተካክል ሰው ስለሌለ ቀርቻለሁ።

ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

አባትህ ገሪማ