ገለባ የሞላው ጎታ

ሰኞ

ስሜ የለም። ቀበሌው በር ላይ የተለጠፈውን የሴፍቲኔት ዝርዝር ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበብኩት። የለሁም። ጎረቤቴ ዘነቡ ግን አለች። እንዲያውም ዓይኔ የራሴን ስም ሳይፈልግ የሷን ነው መጀመሪያ ያገኘው። ቅናት እንዲህ ነው።

ዘነቡ ምን አላት? ልጻፈው። ጂዳ የምትሠራ እህት። የማያፈስ ቆርቆሮ። ሁለት ፍየል። እኔስ? ባሌ ከሞተ ወዲህ ያለችኝ ማሽላው በቡቃያው የደረቀባት ቁራሽ መሬት፣ ልጄ ምንታምር፣ እና ይህ ከሷ የተረፈ ደብተር።

ምንታምር ስምንተኛ ክፍል ናት። ዝርዝሩ ውስጥ ካልገባሁ ትምህርቷን ትታ ሽንኩርት ለቀማ ልትሄድ ነው። ራሷ ነች የወሰነችው። "እማ፣ አንድ ዓመት ብቻ" አለችኝ። አንድ ዓመት ብላ ወጥታ የተመለሰች ልጅ አላየሁም።

ዘነቡ መንገድ ላይ ይዛኝ "እንኳን ደስ ያለሽ በይኝ እንጂ!" አለች። አልኳት። ጥርሴን ነክሼ።

ማክሰኞ

ቀበሌ ሄድኩ። ከኮሚቴው ሽማግሌ ከጋሽ በሪሁን ጋር ተገናኘሁ። መዝገቡን ገልጦ "የሺ፣ ጎታሽ እህል ሞልቷል ተብሎ ተጽፏል እኮ" አለኝ።

ክው አልኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ባለፈው ወር መዝጋቢዎች ቤት ለቤት ሊዞሩ ነው ሲባል እኔ ሞኟ ምን አደረግሁ? እንግዳ ሊመጣ ነው ብዬ ቤቴን ለቀለቅሁ። ባዶ ጎታ ለሰው አይታይም፤ እናቴ በዚያ በክፉ ቀን እንኳ አላሳየችም። ጎታዬን እስከ አንገቱ ገለባ ሞላሁትና ከላይ ከዘነቡ የተበደርኩትን አንድ ቁና ማሽላ አለበስኩት። መዝጋቢዋ ልጅ ክዳኑን አንስታ አየች። ጻፈች። ያን ቀን ኩራት ተሰምቶኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ዘነቡስ? በዚያው ሳምንት ፍየሎቿን ዋጃ የሚኖረው ወንድሟ ዘንድ ሰደደቻቸው። እኔ ማጣቴን ስደብቅ እሷ ማግኘቷን ደበቀች። ብልጥ!

ጋሽ በሪሁን "ዓርብ የቅሬታ ስብሰባ አለ። ተነሥተሽ በሕዝብ ፊት አስረጂ። ምጽዋት አይደለም፣ መብትሽ ነው" አለኝ። መብቴ ከሆነ ገመናዬን ለአገር ሁሉ የማሳየው ለምንድን ነው? ይህን አልጠየቅኩትም። እዚህ ነው የምጠይቀው።

ረቡዕ

ዘነቡን በአጥር ስመለከት ዋልኩ። ስትስቅ ተናደድኩ። ልብስ ስታሰጣ ተናደድኩ። ልብሱ አዲስ እንኳ አይደለም። ሰው "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብሎ ይጸልያል፤ ዘነቡን እግዜር ሰምቷታል፣ እኔን ሰጥቷታል።

ወስኛለሁ። ዓርብ ስለ ፍየሎቹ እናገራለሁ። እሷ ስትወጣ አንድ ቦታ ይከፈታል።

ሐሙስ

ምንታምር ደብተሮቿን ሰብስባ በፌስታል ቋጠረች። "ምን ልታደርጊያቸው ነው?" አልኳት። "አቧራ እንዳይበላቸው ነው" አለች። ፊቷን ግን አላዞረችልኝም።

ዘነቡ ወንፊት ልትዋስ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። ይህን ሁሉ ሰምታለች። ወንፊቱን ሰጠኋት፣ ግቢ አላልኳትም።

የነገውን ንግግሬን ለብቻዬ ሞከርኩት። የፍየሎቹ ነገር እንደ ውሃ ይወርዳል። የጎታዬ ነገር አፌ ላይ አልመጣ አለኝ።

ዓርብ



ቀበሌው ግቢ፣ ግራሩ ሥር፣ ሰው ጢም ብሏል። ስሜ ሲጠራ ተነሣሁ። "ፍ..." አልኩና ምራቄን ዋጥኩ። ይኼኔ ዘነቡ ከኋላ ብድግ አለች። "እናንተ ሰዎች፣ የየሺ ጎታ እኮ ገለባ ነው! ላዩ ላይ ያለው ማሽላ የኔ ነው፣ በገዛ ቁናዬ ሰፍሬ ነው ያበደርኳት። ካላመናችሁ ሂዱና ገልብጡት!"

ሰው ሳቀ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

ኮሚቴዎቹ ቤቴ መጡ። ጎታዬን ደጅ አውጥተው ገለበጡት። ነፋስ ነበር፤ የሰፈሩ አጥር ሁሉ ገለባ ለበሰ። ጋሽ በሪሁን ሊያየኝ አልቻለም። "ቅሬታዋ ይጻፍ" አለ ቀስ ብሎ።

ሲሄዱ ዘነቡ ቀረች። ማሽላውን ከገለባው እየለየን በሰፌድ አበጠርን።

"ፍየሎቼን ልትናገሪ ነበር፣ አይደል?" አለችኝ።

"አዎ።"

"'ፍ' ስትይ ሰምቼሻለሁ። ግማሹን ፈርቼ ነው የተነሣሁት። ግማሹን ስለዚያች ልጅ ፌስታል።" ሰፌዱን አስቀምጣ "ኧረ በሞቴ የሺ፣ ሁለት ፍየል ሰውን ሀብታም ያደርጋል?" አለች። እህቷ ከጂዳ መላክ ካቆመች ዓመት አልፏታል። አላውቅም ነበር። አጥር ለአጥር እየኖርን አንዳችን ካንዳችን እንደብቃለን።

 ማሽላዋን መልሼ ስሰጣት "ይቆይ" አለችኝ። እኔ ብሆን እንዲህ አላደርግም ነበር። በዚህም ቀናሁባት።

ኮታ ካለ ስሜ ሰኞ ይለጠፋል አሉ። ካለ።

ምንታምር ደብተሮቿን ከፌስታሉ አወጣች። ፌስታሉን ግን አልጣለችውም፤ አጥፋ ትራሷ ሥር አስቀመጠችው።