ዘግይቶ የተከፈተው ክፍል

ውድ ፋኑኤል፣

ሰላምታዬ ከነቤተሰብህ ይድረስህ። አዲስ አበባ ከገባህ ወዲህ በበዓል ሰሞን «እንኳን አደረሰህ» ከመባባል ያለፈ ወሬ አላወራንም። ዛሬ ግን በስልክ የማይባል ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ዲምቱ ሄጄ ነበር፤ አንተ ታስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት።

የዲምቱን ከመንገሬ በፊት ያን ክረምት ላንሳ። ሁለታችንም የሙያ ፈቃድ ያለን፣ ጠመኔ የለመድን መምህራን ነበርን፤ እኔ ከሶዶ፣ አንተ ከዲምቱ። ማንበብ ያቃታቸውን ልጆች የምትረዱ የንባብ ስፔሻሊስት ትሆናላችሁ ተብለን ለሥልጠና ስንመረጥ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ያሰብኩት ስለ ደረጃ እድገት ነበር። አሠልጣኛችን መምህርት ማክዳ በመጀመሪያው ቀን «ልጅ ማንበብ ሲያቅተው ለምን ይደብቃል?» ብላ ጠየቀችን። አንዱ «ሰነፍ ስለሆነ» አለ፤ ሌላው «ቤተሰብ ስለማይከታተለው» አለ። አንተ ከኋላ ሆነህ «ስለሚያፍር ነዋ» አልክ። ዞር ብዬ ያየሁህ ያኔ ነው።

ለተግባር ልምምድ ጥንድ ጥንድ አድርገው ልጅ ሲሰጡን ለእኛ የደረሰችን ፈጠነች የምትባለው ነበረች። እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል የደረሰች፣ ቁመቷ ጓደኞቿን ሁሉ የሚበልጥ ልጅ። የወላይትኛ መጽሐፏን ዘርግታ ሳትደናቀፍ ስታነብልን «ታዲያ ይቺ ምን ጎደላት?» ብዬህ ነበር። አንተ ገጹን በእጅህ ሸፈንክና «ቀጥዪ» አልካት። ቀጠለች። ለካ ጓደኞቿ ሲያነቡት እየሰማች በቃሏ ይዛው ኖሯል።

የሆነው ሲገባት አንገቷን ደፋች። «ዐይኔን አሞኝ ነው፣ ቲቸር» አለች።

አጠገቧ ተቀመጥክ። «እኔንም እስከ ስድስተኛ ክፍል ድረስ ዐይኔን ያመኝ ነበር» አልካት።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ይህን ነገርህን አላውቅም ነበር። ፈጠነች ቀና ብላ አየችህ። «ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንድ መምህር እንዳላመመኝ ነቃብኝ።»

ከሥልጠናው ሰዓት በኋላ ገና ከድምፅ ጀመርን። ለወላይትኛው የላቲን ፊደል፣ ለአማርኛው የእኛው ፊደል፤ ልጅቷ ሁለቱንም በአንድ ራስ መሸከም ነበረባት። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ስለ ላም አንድ ዐረፍተ ነገር ጻፍክላት። አንተም እኔም እንደምናውቀው በቋንቋችን ሣርና ወተት የሚለያዩት በአንዲት ፊደል መደገም ነው። ፈጠነች ፊደሏን ደግማ አነበበችና ላሟን ወተት አስጋጠቻት። አላረምናትም። ወደ ሰሌዳው ሄደች፣ ጣቷን ፊደሏ ላይ አሳረፈች፣ «ቆይ… አንድ ናት! ሣር ነው!» አለችና ሳቋን ለቀቀችው። ለመጀመሪያ ጊዜ በቃሏ የያዘችውን ትታ የተጻፈውን አየች። አንተ ወደ መስኮቱ ዞረህ ዐይንህን ስትጠርግ አይቻለሁ። እንዳላየ ሆኜ «ዳሞታ ተራራን ጉም ሸፈነው» አልኩህ።

ማምሻውን የቦይና ሥራሥር ቅቅላችንን በሚያቃጥል የዳታ ማባያ እየበላን የምናወራው ሁሉ በየትምህርት ቤታችን ስለሚከፈቱት የንባብ ክፍሎች ነበር። ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይኑር፣ መጻሕፍቱ ልጆች እጅ የሚደርስበት ይደርደሩ ስትል እሰማሃለሁ። እኔ ሌላም ወሬ እጠብቅ ነበር። አንተም ትጠብቅ እንደነበር አሁን አሁን ይገባኛል። ሁለት መምህራን፣ ልጅ እንዲናገር ስንለፋ እኛ አፋችንን ይዘን ቀረን።

ሥልጠናው አለቀና ወደ ዲምቱ ተመለስክ። ርዕሰ መምህርህ አቶ ሀብታሙ ምን እንዳሉህ እዚህ መጥተህ ነገርከኝ። «ማንበብማ አንደኛ ክፍል የሚያልቅ ነገር ነው፤ እኔን የቸገረኝ የሒሳብ መምህር ነው።» የእኔው ትምህርት ቤት ለንባብ ክፍል አንድ መጋዘን አጽድቶ ሲሰጠኝ፣ ለአንተ እሳቸው የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ሰጡህ። ዓመቱን ሙሉ ስትጠወልግ አየሁህ። ከዚያ አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ጠራህ።

ሶዶ መናኸሪያ ልሸኝህ መጣሁ። ሻንጣህ ተጭኗል፤ ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ!» ይላል። እጄን ያዝክና «ትሕትና፣ ልቅር እንዴ?» አልከኝ።

ቅር ብልህ ወዴት ነው የምመልስህ? ወደዚያው ስምንተኛ ክፍል። በእኔ ምክንያት ስትደርቅ ከማይ ብዬ «መልካም መንገድ» አልኩህ። እስከ ዛሬ ትክክል ይሁን ስሕተት አላውቅም። የማውቀው፣ አውቶቡሱ የቦዲቲን መንገድ ይዞ እስኪሰወር ድረስ ከቆምኩበት አለመነቃነቄን ነው።

ፈጠነች ከቀናት በኋላ «ቲቸር ፋኑኤልስ?» አለችኝ። መሄድህን ስነግራት መጽሐፏን ከፈተች። ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች፤ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያናቸው ቆማ ለጉባኤው የእግዚአብሔርን ቃል ታነባለች። ይህን አለማየትህ ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ወደ ዲምቱ ልመለስ። ዘንድሮ በሌሎች ትምህርት ቤቶችም የንባብ ክፍል ይከፈት ተባለና አዲሶቹን መምህራን እንዳሠለጥን ላኩኝ። ዲምቱ ላይ የተመደበው ዘሩባቤል የሚባል ወጣት ነው፤ ብዙ ይጠይቃል፣ ይሰማል። ክፍሉ ብርሃን አለው። ምንጣፍም አለው። በሩ ላይ ቆሜ መግባት አቃተኝ፤ አንተ በቃል የሣልከው ክፍል ነበር፣ አንተ የሌለህበት።

አቶ ሀብታሙ ታናሽ ልጃቸውን እጇን ይዘው መጡ። «መምህርት፣ ፋኑኤል ያኔ የሚለው አልገባኝም ነበር» አሉኝ። «የእኔዋም አራተኛ ክፍል ደርሳ አታነብም። መልሰን ብናመጣውስ?»

ልቆጣቸው ይገባኝ ነበር። ሆኖም የልጅቷን እጅ አጥብቀው ሲይዙ አይቼ ቁጣዬ ከዳኝ። «አቶ ሀብታሙ፣ እሱ አግብቷል፣ ወልዷል፣ ኑሮውን እዚያ መሥርቷል። አይመጣም» አልኳቸው። ለእሳቸው ስናገር ለራሴም የነገርኩት ያን ቀን ነው።

ስለዚህ ተመለስ ልልህ አልጻፍኩም። ዘግይቶም ቢሆን ክፍሉ መከፈቱን ከእኔ አፍ እንድትሰማ ብዬ ነው። ይህን ደብዳቤ ባለቤትህ ብታየው አትደንግጥ፤ ሁሉንም ንገራት፤ የሚያሳፍር የለበትም። እኔ የፊታችን ሰኞ በመጀመሪያው መኪና ዲምቱ እወርዳለሁ። የአቶ ሀብታሙን ልጅ ከዘሩባቤል ጋር እንጀምራታለን። ስሟ ኢትዮጵያ ነው።

ደህና ሁንልኝ፣ ፋኑኤል።

ትሕትና
ከሶዶ